ሐይቅ በሥራ ቀን፦ ለብቻ ዕረፍት ከወሎ የምንመርጠው ቦታ

ወሎ ውስጥ ብቻውን ገለል ብሎ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ምክር ሲጠይቅ ቶሎ የሚነገረው ላሊበላ ወይም ግሸን ነው። ሁለቱም ሳይታዩ የማይታለፉ ናቸው፤ ዕረፍት ግን ሌላ ነገር ነው። ግሸን ማርያም በመስከረም 21 ሰሞን እግር መጣያ አይገኝም፣ ላሊበላም በገና አልጋው ቀድሞ ያልቃል። ከሰው ፈጽሞ መራቅ ያማረው ደግሞ ቦረና ሳይንትን ያነሳል። የደንቆሮ ጫካ፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ድንኳን፣ ስንቅና መንገድ መሪ ተይዞ የሚገባበት አገር ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ለሚወጣ ሰው አንመክረውም። እግር ወለም ቢል፣ ሆድ ቢታወክ ደራሹ ሩቅ ነው።

የእኛ ምርጫ ሐይቅ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በወልዲያ መንገድ። «እሱማ መንገድ ዳር ነው» የሚል አይጠፋም። ከተማው በእርግጥ መንገድ ዳር ነው፣ ውሃው ግን ከከተማው ወረድ ብሎ ለብቻው ተኝቷል። ብቻውን ላለ ሰው ሆስፒታል፣ ባንክና መመለሻ መኪና ደሴ ላይ ቅርብ መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም። ጫጫታውም ቢሆን ቀኑ የታወቀ ነው፤ ቀኑን ያወቀ ሰው ያመልጠዋል።

ቅዳሜና እሁድን እርሷቸው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመዝናናት የሚመጣው ሰው ውሃው ዳር ይሞላል፣ ድምፅ ማጉያውም አብሮ ይመጣል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ የሙሽራ መኪና ለፎቶ ይወርዳል። ሰኞ ገብቶ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት መውጣት ነው የሚያዋጣው። ውሃው ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ክብረ በዓል ጥቅምት 17 እና ጥር 1፣ በገዳሙ ያስተማሩት የአባ ኢየሱስ ሞዓ ደግሞ ኅዳር 26 ነው። ለበዓሉ የሚሄድ ሰው ደስ ብሎት ይሂድ፤ ጸጥታ ፈልጎ የሚሄድ ግን ከቀኖቹ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ቀን ይተው። ከወራት ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ወደ ውሃው የሚወስደውም መንገድ ይጨቀያል። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ጃንጥላ አይለያችሁ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ማለዳ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ይገባል። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ስለሆነ በዚያው ዕለት ሐይቅ እገባለሁ ብላችሁ አትቻኮሉ፣ ደሴ እደሩ። በአውሮፕላን የሚመጣ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያ በደሴ በኩል በመኪና ይቀጥላል። የመንገዱ ሁኔታ በነዚህ ዓመታት ሲከፈትና ሲዘጋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደሴ ወይም ሐይቅ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ አትጓዙ፣ ኬላ ላይ የሚታይ መታወቂያ ከኪሳችሁ አይጥፋ። ጥሬ ብር ደሴ ላይ ማውጣት ነው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ሊደክም ስለሚችል በስልክ ብቻ እከፍላለሁ ያለ ሰው ምሳውን በልቶ ሲጨነቅ ይውላል። ከደሴ መናኸሪያ ወደ ሐይቅ ሚኒባስ አለ፣ ከከተማው ወደ ውሃው ደግሞ ባጃጅ። ባጃጁ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ብቻዬን ልሂድ ካላችሁ «ኮንትራት ስንት?» ብላችሁ ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ መመለሻውንም አብራችሁ ተነጋገሩ፣ በሥራ ቀን ውሃው ዳር ባጃጅ ቆሞ ላይጠብቃችሁ ይችላል።

አልጋ ስትይዙ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን ግቡና እዩት። ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂቱ ሲጎድል ግን ዕረፍቱ ይበላሻል። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው? አጎበሩ ቀዳዳ የለውም? ቧንቧው አሁን ሲከፈት ውሃ ይወርዳል? «ማታ ይመጣል» የሚል መልስ ከሰጧችሁ ባልዲ አስሞሉ። መስኮቱ በዋናው መንገድ በኩል ከሆነ የጭነት መኪና ገና ሳይነጋ ይቀሰቅሳችኋል፤ በጓሮ በኩል ያለውን ጠይቁ፣ ጄነሬተሩ የት እንደሚቆምም አብራችሁ እዩ። አዛኑና ቅዳሴው ግን የአገሩ ንጋት ነውና ተቀበሉት። ሐይቅ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ከደሴ ይሞቃል፣ ለሌሊቱ ግን ሹራብ ወይም ጋቢ ያስፈልጋል። ሻማና ፓወር ባንክ አትርሱ።

ውሃውን በተመለከተ ጠንከር ብለን የምንናገረው አለ። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል፤ የማይዋኝ ሰው ብቻውን ሆኖ ከዳር መራቅ የለበትም፣ የሚዋኝም ቢሆን አጠገቡ ሰው በሌለበት አይግባ። ሁለተኛው ቢልሃርዝያ፣ ውሃ ውስጥ ባለ ትል የሚይዝ በሽታ ነው። ትሉ የሚገኘው ቀንድ አውጣ በሚኖርበት ሣርና ቄጠማ ባለው ጥልቀት የሌለው ዳር ነው፤ ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ደግሞ ከቀንድ አውጣው በብዛት ይወጣል። እግር ማቀዝቀዝ የሚያምረው በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት በመሆኑ ነው ብዙ ሰው የሚያዘው። ውሃ የነካው ሰው ሰውነቱን ቶሎ በፎጣ ያድርቅ፤ ከሳምንታት በኋላ ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካየ ሐይቅ ሄዶ እንደነበር ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱ ይታወቃል፣ የሚያስቸግረው ሳይጠረጠር ሲቆይ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ የተጣለ ላስቲክም እዚያው ይቀራል፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጀልባ በጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ውሃው ይናወጣል። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጉዞ፣ ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ፣ መጠበቂያስ አለው ወይ፤ ይህን ሁሉ መሬት ላይ ቆማችሁ ጨርሱ። ላይፍ ጃኬት ከሌለው ሌላውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ዓሣው። ሐይቅ ሄዶ ሥጋ ማዘዝ ነውር ባይሆንም ያሳዝናል። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) የሐይቁ ነባር አይደለም፣ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጨመረ ነው፤ ዛሬ ግን የከተማው ስም ከእሱ ጋር ይነሳል። ስታዝዙ ጥሬውን አሳዩኝ በሉ፤ ማንም አይቆጣም። ዓይኑ ጥርት ብሎ ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ጎኑ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ የዛሬ ነው። ዓይኑ ነጭ ጉም የለበሰ ከሆነ ምስር ወጥ እዘዙ። ብቻችሁን ስለሆናችሁ መካከለኛ አንድ ዓሣ ይበቃል፤ ትልቁ ለሁለት ሰው ነው፣ እሱን ብታዝዙ ግማሹ ይተርፋል። ሙሉው ጥብስ ጎንና ጎኑ ሦስት አራት ቦታ ተበጥቶ፣ ጨው ገብቶበት፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ቸስ ማለት አለበት። ዝም ካለ ዘይቱ አልጋለም፣ ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ለስልሶ ይወጣል። ዘይቱ የጠቆረና የሚከረፋ ከሆነ ደግሞ ቃር ይዛችሁ ታድራላችሁ። በደንብ የተጠበሰው ቆዳው ይሰባበራል፣ ብጡ ውስጥ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ይለቃል፤ በአዋዜና በሎሚ በትኩሱ ነው። አጥንት የሚፈራ ሰው ኮተሌት ወይም ጉላሽ ይዘዝ። ዱለቱም ጥሩ ነው፣ ቅመሙ ግን የዓሣውን ሽታ ስለሚሸፍን ትኩስነቱን የማታውቁበት ቤት አትጀምሩት። ጥሬውን አትብሉ። በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይጨምራል፣ ከምሳ ሰዓት በኋላም ሊያልቅ ይችላል፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አበምኔቱም በቤተ መንግሥት «ዓቃቤ ሰዓት» በሚል ከፍተኛ ማዕረግ ይጠሩ የነበረበት ቦታ ነው። ሴት አይገባበትም፤ ብቻዋን የምትሄድ እህት ይህን አውቃ ታቅድ፣ ደጃፉ ድረስ ኮንትራት ከፍላ እንዳትመለስ። የሚገባ ወንድ ነጠላ ይዞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አባቶችን «ይፍቱኝ» ብሎ ይግባ። ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ፤ መጻሕፍቱን ለማየት ደግሞ ኃላፊው አባት መኖር ስላለባቸው በጸሎት ሰዓት አይሂድ። ከሁሉም የሚያምረው ግን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ለዚያ ማንም አያስቸኩላችሁም።

ሐይቅም ሰው በዛበት ያለ በስተደቡብ ምሥራቅ አርዲቦ አለለት። ከፍ ያለ፣ ነፋሻና አገልግሎቱ ያነሰ ሐይቅ ነው፤ የአንኳርካ ወንዝ ከእሱ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ምሳና ውሃ ይዛችሁ፣ ባጃጁን ለመመለሻ ቀጥራችሁ፣ ለአከራያችሁ የት እንደምትሄዱ ነግራችሁ ውጡ። በማሳ መካከል አታቋርጡ፤ ማሽላው ሲያሸት ጠባቂው ሌባ ቢያደርጋችሁ አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ዝም ማለት ለሚፈልግ ሰው። የወሎ ሰዎች ብቻውን የሚበላ ሰው ሲያዩ አያስችላቸውም። «ለምን ብቻህን?» ይባላል፣ «እንብላ» ይባላል፣ ቡና የሚፈላበት ቤት በር ላይ ካለፋችሁ ትጠራላችሁ። ሰላምታውን አታሳጥሩት፤ ከልብ ተቀብሎ ጤና፣ ቤተሰብ፣ አገር ተጠያይቆ ከዚያ «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው የመጣሁት» ቢባል ይገባቸዋል፤ «አብሽር» ብለው ይሸኟችኋል። ያለ ሰላምታ ያለፈ ሰው ግን ወሬ ይሆናል፣ ወሬ የሆነ ሰው ደግሞ ጸጥታ አያገኝም። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ስኒ ቡና ተጋበዙ፣ ከዚያ በኋላ ከመጽሐፋችሁ ጋር ይተዋችኋል።

ለመመለሻ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን የአውቶቡስ ትኬት አንድ ቀን ቀድማችሁ ቁረጡ። አውቶቡሱ ማለዳ ስለሚነሣ ከሐይቅ በዚያው ንጋት ተነሥቼ እደርስበታለሁ ማለት አያዋጣም፤ ሚኒባሱ ሰው ሲሞላ ነው የሚንቀሳቀሰው። የመጨረሻውን ሌሊት ደሴ፣ መናኸሪያው አጠገብ እደሩ።