ለጉብኝት ሐይቅ እስጢፋኖስ ወይስ አቡነ ዮሴፍ ተራራ?

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል። በጀልባ የሚሄድ ሰው የውሃ ወፎችንም ያያል። ሴቶች ግን ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። ጊዜ ላጠረው ይህ ይበቃል።

እኔ የምመርጠው ከላሊበላ በላይ ያለውን አቡነ ዮሴፍን ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚል፣ በእርሻ የተከበበ የውርጭ ደሴት ነው። በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ እንደልቡ ወደ ሌላ ተራራ አይሻገርም፤ የሚያድናቸው አይጦች ያሉት ከፍታው ላይ ነው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ቢሆኑ ነው! ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ በቅርብ ይታያሉ፤ ቀበሮው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሻ አስከትሎ መውጣት ፈጽሞ አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይፈጃል። አቀበቱ ትንፋሽ ያሳጥራልና ላሊበላ አድሮ ማለዳ መነሳት ይሻላል።