ከመሬት ለሚመጣው ብርድ፦ ኒዮኤር ኤክስቴርም ፍራሽ በሳነቴ አምባ

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሳነቴ አምባ ላይ መጀመሪያ ያደርኩት በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት ነው። ጥሩ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ተገብቶ የሚተኛበት ከረጢት) ነበረኝ፤ የተኛሁበት ግን ከአንድ የጉዞ ዕቃ አከራይ የወሰድኩት፣ ብዙ ሰው ተኝቶበት የሳሳ ስፖንጅ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ምንም አልተሰማኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዳሌዬና ትከሻዬ መሬቱን በተጫኑበት ቦታ ሁሉ ብርዱ ይሰረስረኝ ጀመር። የያዝኩትን ጋቢ ከላይ ብደርበውም ለውጥ አላመጣም። ብዙ ከተገላበጥኩ በኋላ ጋቢውን አጥፌ ከሥሬ አነጠፍኩት፤ ያኔ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ለቀጣዩ ጉዞ ስዘጋጅ ገንዘቤን በልብስ ላይ ሳይሆን በፍራሽ ላይ ያዋልኩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ያመጣልኝ ቴርማሬስት ኩባንያ የሚሠራው ኒዮኤር ኤክስቴርም ኤንኤክስቲ የተባለ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ነው።

ጋቢው ከላይ ሳይሞቀኝ ከሥር ለምን እንደሞቀኝ መረዳት ፍራሽ ለመምረጥ ይረዳል። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በላባው ወይም በጥጡ መካከል የታሰረው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ሰው ሲተኛበት ግን ከሥሩ ያለው ክፍል በክብደቱ ተጨፍልቆ አየሩን ስለሚያጣ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን በጀርባ በኩል የሚከላከለው እጅግ ጥቂት ነው። የሰውነት ሙቀት በቀጥታ ወደ መሬት ይወርዳል፤ የሳነቴ መሬት ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች የሚወርድ ነው። በደጋው አገር መደብ ላይ የሚነጠፈው አጎዛም የሚያሞቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጸጉሩ እንደ ስፕሪንግ ስለሚመለስ ሰው ሲተኛበት ሙሉ በሙሉ አይደፈጠጥም፣ አየሩንም ሁሉ አይለቅም። አጎዛ ተሸክሞ ተራራ መውጣት አይቻልም እንጂ በሙቀት በኩል የማማው ነገር የለኝም።

የፍራሽን ሙቀት በውፍረቱ መገመት ስሕተት ነው። በውስጡ ምንም የሌለው፣ ለመዋኛ ዳርቻ የሚሸጥ ወፍራም የአየር ፍራሽ አየሩ በውስጡ እየተዘዋወረ ሙቀቱን ወደ መሬት ስለሚያደርሰው ከስስ ስፖንጅ ሊብስ ይችላል። መታየት ያለበት አር ቫልዩ የሚባለው፣ ፍራሹ የሙቀትን ማለፍ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚገልጸው ቁጥር ነው። ድሮ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ እየለካ ይጽፈው ስለነበር የአንዱን ከሌላው ጋር ማስተያየት አስቸጋሪ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ኤኤስቲኤም ኤፍ 3340 የተባለው መለኪያ ከወጣ በኋላ ግን ፍራሹ 35 ዲግሪ በሞቀና 5 ዲግሪ በቀዘቀዘ ሁለት ሳህኖች መካከል ተደርጎ፣ ሞቃቱ ሳህን ሙቀቱን ለመጠበቅ በሚፈጀው ኃይል ይለካል። ስለዚህ ሻጩ ይህን ቁጥር መናገር ካልቻለ ፍራሹን ለብርድ አገር ባትገዙት ይሻላል። በእኔ ግምት ከ2 በታች ያለው ለቆላ ሌሊት፣ ከ4 በላይ ያለው ለቀዝቃዛ ደጋ፣ ከ6 በላይ ያለው ደግሞ ውሃ ለሚረጋበት ሌሊት ነው።

የኤክስቴርም አር ቫልዩ 7.3 ነው። መደበኛው መጠን 440 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ሲነፋ 7.6 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ሲጠቀለል ደግሞ ከአንድ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ብዙ አይበልጥም። በውስጡ ላባም ስፖንጅም የለውም፤ አየሩ እንዳይዘዋወር በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተከፋፈሉ ክፍሎችና የሰውነትን ሙቀት መልሰው የሚያንጸባርቁ ስስ ሽፋኖች አሉት። በሁለተኛው ጉዞዬ፣ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ ባደርኩበት ሌሊት፣ ድንኳኑ ደጃፍ የተውኩት ውሃ እስከ ጠዋት በረዶ ሠርቶ ነበር፤ እኔ ግን ከሥሬ ቅዝቃዜ ሳይሰማኝ ነጋልኝ። ሲገላበጡበት ትንሽ ይንኮሻኮሻል፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ የድንኳን ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ይወቅ።

ዋናው ጉድለቱ ስፋቱ ነው። መደበኛው 51 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ እግር በኩል እየጠበበ ይሄዳል፤ በጀርባዬ ስተኛ ክርኖቼ ከፍራሹ ወርደው መሬት ይነካሉ፣ ብርዱም በዚያ በኩል መግቢያ ያገኛል። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ትንሽ ክብደት ጨምሮ 64 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋውን ቢወስድ አይጸጸትም። ሌላው፣ በአየር የሚነፋ ነገር ሁሉ ያለበት ሥጋት ነው፤ የታችኛው ጨርቅ ከላይኛው ቢወፍርም፣ የሳነቴ ቁጥቋጦ ደረቅ ጉቶ ከበሳው 7.3 የነበረው በአንድ ጊዜ ከምንም አይቆጠርም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ለገበያ ሲቀርብ አሜሪካ ውስጥ 240 ዶላር ገደማ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ሰው ይግዛው ወይ ከተባለ፣ መልሴ ዕቃውን በሚሸከመው ይወሰናል። የአር ቫልዩ ቁጥሮች ይደመራሉ፤ ሁለት ፍራሽ ደርቦ የሚተኛ ሰው የሁለቱን ድምር ያገኛል። የዚሁ አምራች ኤክስላይት ኤንኤክስቲ 4.5 ሲሆን 370 ግራም ይመዝናል፤ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ጎድጎድ ያለው ታጣፊው ዚላይት ሶል ስፖንጅ ደግሞ 2.0 ሲሆን 410 ግራም ነው። ሁለቱ ሲደረቡ 6.5 ይሞላሉ፣ ክብደታቸው ግን 780 ግራም ይደርሳል። ሁሉን ነገር በጀርባው ለሚሸከም መንገደኛ ኤክስቴርም ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ ከኤክስላይት በ70 ግራም ብቻ በልጦ ያን ያህል መሞቁ የሚያስደንቅ ነው። በባሌ ግን ጓዝ የሚጫነው በፈረስ ስለሆነ፣ መካከለኛ ፍራሽ ያለው ሰው ኤክስቴርም ከሚገዛ ይልቅ ባለው ላይ ስፖንጅ ቢጨምር ብልህነት ይመስለኛል። ስፖንጅ አይበሳም፤ ምሳ ሲበላ መቀመጫ ይሆናል፤ ከሥር ሲነጠፍም የሚነፋውን ከእሾህ ይጠብቃል። እኔም አሁን ኤክስቴርሙን ብቻውን አላነጥፈውም።

ለሚገዙት አንድ ነገር ልጨምር። ፍራሹን በትንፋሽ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው የመንፊያ ከረጢት ንፉት፤ የአፍ እርጥበት ውስጡ ገብቶ ይቀራልና። አመሻሽ ላይ ጠንክሮ የተነፋው ወደ መኝታ ሰዓት ለስልሶ ብታገኙት ተበሳ ብላችሁ አትደንግጡ፤ አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ነው፣ ከመተኛታችሁ በፊት ጥቂት ጨምሩበት። ከጨመራችሁበት በኋላም ሳይነጋ ከለሰለሰ ግን ቀዳዳውን ፈልጉ፤ መለጠፊያው ከፍራሹ ጋር ይመጣል።