የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ በቤት ሲሠራ፦ በርሜል ወይስ ቱቦ?

የ100 ሊትር ውኃን ሙቀት በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ማድረግ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። ፀሐይ ይህን በነፃ ትሠራዋለች።

በርሜሉ ቀላል ነው፤ ጥቁር ቀለም ቀብቶ መስታወት በተገጠመለት ሳጥን ውስጥ ማስተኛት ብቻ። ጣጣው ሌሊት ነው። ውኃው የሚጠራቀመው ፀሐይ በሚመታው ዕቃ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት በዚያው በመስታወቱ በኩል ያጣዋል። ማታ ገላውን ለሚታጠብ ሰው ግን ይበቃል።

በቱቦው ዓይነት ውኃው ፀሐይ በሚመታው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይሞቅና ለብቻው በተቀመጠ ታንከር ይጠራቀማል። ሥራው ይበዛል፤ ውኃ የማያፈስ መገጣጠሚያ መሥራት ትዕግሥት ይፈትናል። ታንከሩ ከቱቦው በላይ ከተቀመጠ የሞቀው ውኃ ስለሚቀል ራሱ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል፤ ፓምፕ አያሻም። ታንከሩ በደንብ ከተሸፈነ ንጋት ላይም ሙቅ ውኃ አይጠፋም። ውርጭ ባለበት ግን ቀጭኑ ቱቦ ከበርሜሉ ቀድሞ ይፈነዳል። ለጀማሪ እኔ በርሜሉን እመርጣለሁ።