ጀሶ ውስጥ የተቀበረው «ዳይኖሰር»

ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለእህቴ ልጅ የገዛሁት መጫወቻ ነው። ጡብ የሚያክል ጀሶ፣ ትንሽ መዶሻ፣ መሮና ብሩሽ አለው። ጀሶውን እየፈለፈላችሁ የተቀበረውን አጽም ታወጣላችሁ። 900 ብር። ሻጩ «ዳይኖሰር ነው ጋሼ፣ ልጆች ይወዱታል» አለኝ፤ ካርቶኑም ላይ የተጻፈው ያው ነው።

ውጭ ዝናብና ጉም ስለነበር (ደሴን ታውቋታላችሁ) ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈን ጀመርን። ተሳሳትን። ብናኙ ሶፋው ላይ፣ ረከቦቱ ላይ፣ ሲኒው ውስጥ ሳይቀር ገባ፤ እህቴ እስካሁን አኩርፋኛለች። መዶሻው ደግሞ ገና ግማሽ ሳንደርስ አንገቱ ተቀነጠሰ። የጨረስነው በሾርባ ማንኪያ እጀታ ነው።

የወጣው ግን ደስ ይላል። ጀርባው ላይ እንደ ጀልባ ሸራ ያለ ነገር ያቆመ፣ ባለ አራት እግር አውሬ። ዲሜትሮዶን ነው እንጂ ዳይኖሰር አይደለም! ዳይኖሰሮች ብቅ ከማለታቸው ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀድሞ አልቋል፤ በዝምድናም ከእነሱ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

ይህ የሚታወቀው በራስ ቅሉ ነው፣ ፋብሪካውም እሷን አልሳታትም። ከዓይኑ ጉድጓድ ኋላ በእያንዳንዱ ጎን አንዳንድ ቀዳዳ ብቻ አለ፣ የመንጋጋ ጡንቻ የሚያርፍበት። እንሽላሊት፣ አዞ፣ ዳይኖሰርና ወፍ የመጡበት ዘር ግን ሁለት ሁለት ነበረው። ልጁን ቆሎ እያኘክ ጣትህን ጆሮ ግንድህ ላይ አድርግ አልኩት። ጡንቻው ሲንቀሳቀስ ደነገጠና «የኔም አንድ ነው?» አለኝ። አዎ፣ ያንተም ከዚያው ከባለ አንዱ የመጣ ነው።

እኔ ብሆን ሃይሎኖመስን ነበር የምቀብረው። ከጥንታዊዎቹ ተሳቢ እንስሳት አንዱ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከ310 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው። ዘመዶቹ እንቁላላቸው ውስጥ ውሃ የሚይዝ ሽፋን ስለነበረው እንደ እንቁራሪት ኩሬ ፍለጋ መውረድ አላስፈለጋቸውም። የተገኘውም ካናዳ፣ ጆጊንስ በሚባል ቦታ፣ ድንጋይ በሆነ የዛፍ ጉቶ ውስጥ ነው። ጀሶውን በጉቶ ቅርጽ ቢያወጡት እኮ እንዴት ያምር ነበር!

ብቻ ግዙት፣ በበጋ፣ ግቢ ውስጥ፣ የራሳችሁን መዶሻ ይዛችሁ። በማግስቱ ለሻጩ ነገሩን አስረዳሁት። ጨርሶ ሰማኝና «ታዲያ ዳይኖሰር ካላልኩት ማን ይገዛዋል ጋሼ?» አለኝ።