ለሱባ ደን አቀበትና ቁልቁለት፦ ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ የተራራ ጫማ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ በሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው ከስንቅና ከውሃ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዋና ነገር ጫማ ነው። እዚህ የምገመግመው መርካቶ ውስጥ ከአንድ የሰልባጅ ነጋዴ የገዛሁትን፣ ውጭ አገር ተለብሶ የመጣ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሙሉ የቆዳ የተራራ ጫማ ሲሆን፣ በበጋውም በክረምቱም በዚያው ደን ሄጄበታለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ የጫማው ቆዳና ስፌት ከጠበቅሁት በላይ ጠንካራ ነው፤ ሶሉ ግን እንደ መጣ የሚታመን አይደለም። ገዢው ሁለቱን ለይቶ ካልመረመረ ገንዘቡም ጉዞውም ይበላሻል።

ጫማው የሚፈተንበትን መሬት ሳይገልጹ ስለ ጫማው መናገር አይቻልም። በሱባ መኪና ከሚገባበት መንገድ ወጣ ሲሉ የሚያገኟቸው የእግር መንገዶች ከብትና እንጨት ለቃሚ ያበጃቸው፣ የክረምት ጎርፍ የሸረሸራቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ናቸው። ደኑ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል፤ ዕድሜ የጠገቡት ጥድና ዝግባዎች ሥራቸው በየስፍራው መንገዱን አቋርጦ ከመሬት በላይ ይታያል። ወጨጫ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ በመሆኑ ድንጋዩ ጠርዘ ስለታም ነው፤ በድንጋዩ መካከል ያለው ቀይ አፈር ደግሞ ዝናብ ሲነካው ያሙለጨልጫል። ከጥዱ በላይ ኮሶው፣ ከኮሶው በላይ አስታው ይመጣል፤ ጫፉም 3,385 ሜትር ይደርሳል።

በአቀበቱ ላይ ስለ ጫማው ብዙ የምለው የለኝም። ስፖርት ጫማ ለለመደ እግር ክብደቱ በመጀመሪያ ይሰማዋል፤ ሰውነት ሲሞቅ ግን ይረሳል። ከፍ ያለው የቆዳ አንገት ጥቅሙ የሚታወቀው መንገዱ በሳማና በቀጋ በተዘጋባቸው ቦታዎች ነው፤ በአጭር ጫማ የመጣ ባልንጀራ ቁርጭምጭሚቱን እያከከ ሲሄድ እኔ ምንም ሳይነካኝ አልፌያለሁ።

ጫማ በእርግጥ የሚፈተነው በቁልቁለት ነው። ከአስታው ወደ ጥዱ ሲወረድ መንገዱ ቁልቁል ስለሚያዘቀዝቅ እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጣቶች ከጫማው አፍንጫ ጋር በተጋጩ ቁጥርም የአውራ ጣት ጥፍር እየጠቆረ ይሄዳል። ይህን የሚከላከሉት የጫማው ልክና አስተሳሰሩ ናቸው። ልኩን ለማወቅ ጫማውን ሳያስሩ አጥልቀው እግርን እስከ ጫፉ ድረስ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል፤ ከተረከዝ በስተ ኋላ አንድ ጣት ከገባ ልኩ ነው። እግር ከሰዓት በኋላ እብጥ ስለሚል መርካቶ የሚኬደው በዚያ ሰዓት፣ ለጉዞ የሚደረገውን ወፍራም ካልሲ ይዞ ቢሆን እመክራለሁ። ማሰሪያውን በተመለከተ፣ ከጣቶቹ በላይ ያለውን ክፍል ላላ አድርጌ፣ እግር ወደ ባት በሚታጠፍበት ቦታ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ አጠብቀዋለሁ፤ ተረከዙ በዚህ መንገድ ወደ ኋላ ተይዞ ስለሚቀር ጥፍሬ ደህና ሆኖ እወርዳለሁ።

መሬት መቆንጠጡ የሶሉ ጥርስ ጉዳይ ነው። ጥርሳቸው ጥልቅና የተራራቀ ሶሎች ቀዩን ጭቃ በየእርምጃው ያራግፉታል፤ ጥርሳቸው የተቀራረበና ጥልቀት የሌለው ግን ጥቂት እንደተራመዱ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። በእርጥብ ሥር ላይ ግን ማንኛውም ላስቲክ ስለሚከዳ ሥሩን ተሻግሮ መርገጥ ይበጃል።

በሰልባጅ ጫማ ላይ ገዢን የሚያሞኘው ግን ይኸው የታችኛው ላስቲክ ነው። ጥርስ ያለውን የተራራ ሶል ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ ሲሆን፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ስድስት ባልንጀሮቹ በአልፕስ ተራሮች ከሞቱ በኋላ ያዘጋጀውን ሶል በ1937 አስመዝግቧል፤ ቢጫ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት ያለው ቪብራም የተባለው የሶል ኩባንያ የመጣውም ከዚያ ነው። ነጋዴዎች ይህን ምልክት እያሳዩ ዋጋ ይጨምራሉ። ምልክቱ ግን የሚናገረው መሬት ስለሚነካው ላስቲክ ብቻ ነው። ከላስቲኩና ከቆዳው መካከል ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ ለስላሳ ስፖንጅ አለ፤ ይህ ስፖንጅ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ከውስጥ ይፈራርሳል፤ ጫማው ሳይለበስ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ያልተነካ ጫማ በአንድ ቁልቁለት ላይ ሶሉን ሊጥል ይችላል። አብሮን ይጓዝ የነበረ አንድ ሰው አዲስ የሚመስለው ጫማው ከደኑ መሃል ከተረከዙ ተላቆ፣ እስከ ታች ድረስ በሲባጎ ተጠፍሮ ሲወርድ አይቻለሁ፤ እግሩ ቢወለም ኖሮ ያን ሰው ከዚያ ገደል ተሸክሞ ማውረድ የአራት ሰው ሥራ ይሆን ነበር።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ስፖንጁን ከጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ማድረግ፣ ከዚያም ጫማውን በኃይል ማጠፍ ይበቃል፤ የጥፍሩ ምልክት ተቀርጾ ከቀረ፣ ስፖንጁ ከተፈረፈረ ወይም ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩበት ሶሉ ሞቷል። በብዙ ጫማዎች ምላስ ውስጥ የተሠሩበት ወርና ዓመት የተጻፈበት ጨርቅ አለ፤ ከ10 ዓመት በላይ የቆየውን እኔ ሶል እንደሌለው ቆጥሬ ነው የምደራደረው። ነጋዴው ላይስማማ ይችላል፤ ቢሆንም ሶል ማስቀየሪያው ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

የእኔም ጫማ ይህን ፈተና ስላላለፈ በዚያው ሰሞን ወደ ጫማ ሰፊ ወሰድሁት። ሽማግሌው ጫማውን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ማስቲሽ ብቻውን ውሃ አይችልም፤ ዙሪያውን በክር ልምታልህ» አሉኝ፤ እንዳሉትም አሮጌውን ስፖንጅ ጨርሰው አንሥተው፣ ድርብ ላስቲክ አጣብቀው ዙሪያውን ሰፉት። ከመኪና ጎማ የሚቆረጥ ሶልም አማራጭ ሆኖ ይቀርባል፤ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ለሱባ ጭቃ ጥርሱ አይበቃምና አልመርጠውም። የተለወጠው ሶል ከፋብሪካው ይልቅ ደረቅ ነው፤ በሜዳ ላይ ሲራመዱ ይህ ይታወቃል፤ በስለታም ድንጋይ ላይ ግን እግርን በደንብ ይጠብቃል።

ስለ ውሃ፦ ጎርቴክስ (ውሃ እንዳይገባ ከውስጥ የሚደረግ ስስ ሽፋን) የሚል ጽሑፍ ያለበት አሮጌ ጫማ ውሃ አይገባበትም ብሎ ማመን አይገባም፤ የውስጡ ስስ ሽፋን በተረከዝ በኩል ቶሎ ይቀደዳል፤ አንዴ ከረጠበ ደግሞ ለመድረቅ ይዘገያል። የእኔ ጫማ ይህ ሽፋን የለውም። የንብ ሰም ከጥቂት ዘይት ጋር አቅልጬ ለብ ሲል ቆዳውንና ስፌቱን እቀባዋለሁ፤ የሐምሌን ሙሉ ቀን ዝናብ ባይችልም በእርጥብ ሣር መሃል ለግማሽ ቀን እግሬን አድርቆ ያቆያል። ከጉዞ መልስ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ፤ ከሰል ዳር የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል።

በእንጦጦ ፓርክ በተነጠፈው መንገድ ለሚንሸራሸር ሰው ይህ ጫማ ከልክ በላይ ከባድ ነው፤ ስፖርት ጫማ ይበቃዋል። በዚያው በእንጦጦ ዳገት ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ እንጨት ተሸክመው በኮንጎ ጫማ የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ግን ጥሩ ጫማ ከሁሉ በፊት ለማን እንደሚገባ ያውቃል፤ ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልፈለግሁም። ለሱባ፣ ለወጨጫና ለየረር ዓይነት መንገድ፣ ሶሉን አስቀይሮ ለመልበስ የተዘጋጀ ሰው ያገለገለ የቆዳ ጫማ ቢገዛ ይጠቀማል። የእኔ ጫማ አሁን የተረከዙ ላስቲክ በውጭ በኩል ማለቅ ጀምሯል፤ ስፌቱ ግን እንደ ጠና ስለሆነ ክረምት ከመግባቱ በፊት ተረከዙን ብቻ አስቀይረዋለሁ።