ለጣራ አጠና ወይስ ቱቦላሬ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ቤት እየሰራችሁ ጣራ ላይ የደረሳችሁ ሰዎች ይሄ ጭቅጭቅ አይቀርላችሁም፣ አናጢው አጠና ማለትም የባህር ዛፍ እንጨት ይላል፣ በያጁ ቱቦላሬ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ይላል፣ ሁለቱም የየሙያቸውን ነው የሚያወሩት። ጣራው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ካያችሁ ግን ምርጫው በጣም ይቀላል።

ክብደቱን እናስቀድም። ብዙ ሰው ብረት ግድግዳዬን ይጫነዋል ብሎ ይፈራል። እውነት ነው ብረት ከባህር ዛፍ 10 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ግን ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ነው እኮ። 40 በ40 ሚሊ የሆነ ባለ 2 ሚሊ (የብረቱ ውፍረት ማለት ነው) ቱቦላሬ በሜትር 2.4 ኪሎ አካባቢ ነው፣ 8 ሳንቲም የሚወፍር አጠና ደግሞ ደርቆም ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል፣ እርጥቡማ ይብሳል። ስለዚ ግድግዳውን የሚጫነው እንጨቱ ነው።

መጉበጥ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያ 8 ሳንቲም አጠና ከዛ ቱቦላሬ እኩል እንደውም ትንሽ በልጦ መጉበጥን ይቋቋማል፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ሲጎብጥ ላዩ ይታመቃል ታቹ ይወጠራል፣ ስለዚህ ቁሱ ከመሃል በራቀ ቁጥር ነው የሚያግዘው። ለዚህ ነው አጠናው ከ8 ወደ 10 ሳንቲም ሲወፍር አልጎብጥም ባይነቱ ወደ 2 እጥፍ ተኩል የሚጠጋው፣ እና እባካችሁ 2 ሳንቲም የሚቀጥን ይግባ ብላችሁ አትከራከሩ። ቱቦላሬም እንደዛው ነው፣ 60 በ40 የሆነው በ60ው በኩል ሲቆም ከተኛው እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ በያጁ አስተኝቶ ሲበይድ ዝም አትበሉት።

ታዲያ ብረት የት ነው የሚበልጠው? መጋጠሚያው ላይ። ጣራን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ነፋስ ነው፣ የሚጎዳውም ጎትቶ ወደ ላይ በማንሳት ነው። በሰዓት 72 ኪሎሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 25 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ያመጣል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው 4 እጥፍ ይሆናል፣ ባለ 0.4 ሚሊ ቆርቆሮ ግን በካሬ 4 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ጣራውን የሚያስቀረው ክብደቱ ሳይሆን ማሰሪያው ነው። እርጥብ አጠና ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፣ እንጨቱም ይጠማዘዛል ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ከዛ ነፋሱ ሚስማሩን በቀላሉ ነው የሚነቅለው። በደንብ ዙሪያውን የተበየደ ቱቦላሬ ይሄ ችግር የለበትም፣ ነጥብ ነጥብ ብቻ እየተነካ ከታለፈ ግን ከሚስማሩ ብዙም አይሻልም። አጠና የምትጠቀሙ ከሆነ የደረቀ ፈልጉ፣ ዋናዎቹን መጋጠሚያዎች በብሎን እሰሩ፣ ከቢሙ (ግድግዳው አናት ላይ ከሚሞላው ኮንክሪት) ላይ ፌሮ አስቀርታችሁ ትራሱን፣ ማለትም ጣራውን የሚሸከመውን ባለ ሦስት ማዕዘን ማዋቀሪያ፣ ከሱ ጋር አጥብቃችሁ አያይዙት። ምስጥ ያለበት አካባቢ ደግሞ እንጨት ያልታከመ ከሆነ ባትሞክሩት ነው የምለው።

አንድ ነገር ለሁለቱም። ወራጆቹ፣ ማለትም የትራሱ ዘመም ያሉት እንጨቶች ወይም ብረቶች፣ ግድግዳውን ወደ ውጪ ይገፋሉ፣ የታችኛው አግዳሚ ነው ተወጥሮ የሚይዛቸው፣ ኮርኒሱ ከፍ ይበል ተብሎ እሱ ሲቆረጥ ግፊቱ በሙሉ ብሎኬቱ ላይ ይወርዳል፣ በጭራሽ አታስቆርጡት። 1,000 ሊትር ታንከርም አንድ ቶን ነው፣ ትራስ ላይ አይጫንም፣ የራሱ ማማ ይሰራለት።

እኔ ብጠየቅ ከግድግዳ ግድግዳ 5 ሜትር ለማይሞላ ቤት፣ ነፋስ የማይበዛበት ቦታ ከሆነ፣ ጥሩ የደረቀ አጠና ይበቃል፣ የተረፈውን ብር ማሰሪያው ላይ አውሉት። ከዛ ለሚሰፋ፣ ወይ ሜዳ ላይ ብቻውን ለቆመ፣ ወይ ታዛው ረጅም ለሆነ ቤት ቱቦላሬ ግዙ፣ እሱም ባለ 2 ሚሊ ይሁን፣ ስሱ ቱቦላሬ ሲበየድ ይበሳል፣ ዝገት ሲጀምረውም የሚበላው ብዙ ብረት የለውም። ብየዳው እንዳለቀ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ፣ መጋጠሚያውን በተለይ።

ስትገዙ ደግሞ ሚዛን ላይ አውጡት። 6 ሜትር የሆነ 40 በ40 ቤርጋ (አንድ ሙሉ ዘንግ) ባለ 2 ሚሊ ከሆነ 14 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ 11 ኪሎ አካባቢ ከመጣ የተሰጣችሁ ባለ 1.5 ነው፣ ዋጋውንም በሱ ተነጋገሩ።