የማያያዣ እንጨት የእጅ መሰንጠቂያ፦ ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ከጥቅምት አንሥቶ ማለዳ ማለዳ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ማንንም ወደ እሳት ዳር ይስባል። በእኛ ቤት እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጋገራል፤ መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከሌለ ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በተሠራው ምርጥ ምድጃ። ይህ ምድጃ ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ ሙቀት አያባክንም፤ አፉ ጠባብ በመሆኑ ግን ወፍራም ፍልጥ አይቀበልም። እንጨቱ ቀጥኖ ካልተሰነጠቀ እሳቱ ቶሎ አይያያዝም፣ ጭሱም ቤቱን ይሞላዋል።

ግንዱን በፋስ የምፈልጠው እኔ ነኝ፤ ፍልጡን እንደገና አቅጥና ማያያዣ የምታደርገው ግን እሳቱን የምታነደው እናቴ ነበረች። አሠራሯም የሁሉም ቤት አሠራር ነው፦ በግራ እጅ ፍልጡን አቁሞ መያዝ፣ በቀኝ እጅ ትንሿን ፋስ ማሳረፍ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት እንጨቱ በእጇ ውስጥ ዞረና ፋሱ የግራ እጇን ጠቋሚ ጣት አገኘው። ጣቷ ተሰፍቶ ዳነ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፋስ ባነሣች ቁጥር ልቤ አብሮ ይነሣ ስለነበር፣ ስለቱ ባለበት ቆሞ እጅ ከአካባቢው የሚርቅበትን መሣሪያ መፈለግ ጀመርኩ።

በየአገሩ ያሉትን የእጅ መሰንጠቂያዎች በሥዕልና በተንቀሳቃሽ ምስል ስመለከት ሁለት ዓይነቶች ሚዛን ደፉልኝ። አንደኛው ከባድ ብረት በቀጭን ዘንግ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ ከሥሩ ያለውን ሽብልቅ ወደ እንጨቱ የሚነዳ ነው። ትከሻ አያደክምም ይባልለታል፤ ዘንጉ ግን ከጉቶው ጋር ፍጹም ቀጥ ብሎ መቆም ስላለበትና ተንቀሳቃሽ ክፍል ስላለው ለቤታችን አልመረጥኩትም። ሁለተኛው ስለቱ ወደ ላይ የዞረ፣ በዙሪያው የብረት ቀለበት ያለውና ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለበት ነው። ፍልጡ በቀለበቱ ውስጥ ስለቱ ላይ ይቆማል፣ ከላይ በመዶሻ ይመታል፣ ተሰንጥቆም ግራና ቀኝ ይወድቃል። ይህን በኒውዚላንድ የፈጠረችው ኤይላ ሀችንሰን የተባለች የ13 ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ መነሻዋም እናቷ ማያያዣ ስትሰነጥቅ ጣቷን መቁረጧ ነበር። ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር የሠራችው ሐሳብ በኋላ ኪንድሊንግ ክራከር በሚል ስም ለገበያ ቀርቧል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የእናቴን ጣት አስቤ ብዙ ተደነቅኩ፤ በሩቅ አገርም ያው እንጨት፣ ያው ጣት ነው።

ዋናው ምርት ወጥ ሆኖ የፈሰሰ የብረት ቀልጥ ነው፤ ትንሹ ከ4 ኪሎ ተኩል ትንሽ ይበልጣል፣ ቀለበቱም 16 ሴንቲሜትር ከግማሽ ያህል ስፋት አለው። ከባሕር ማዶ ለማስመጣት ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ የሚተናነስ አልሆነምና፣ ሥዕሉን ይዤ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሄድኩ። ለስለቱ ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ዝርግ የብረት ምንጣፍ)፣ ለቀለበቶቹና ለአራቱ ምሰሶዎች 16 ሚሊሜትር ፌሮ፣ ለመቀመጫው 8 ሚሊሜትር ላሜራ ተመረጠ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከነሥራው 2,800 ብር ከፍዬ ተረከብኩት፤ በአራት ብሎንም ከወይራ ጉቶ ላይ አሰርኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት ግን አሳዝኖኛል። ባሌስትራው 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ ብረት በመሆኑ፣ በግራይንደር በጥሩ ሁኔታ ቢሳልም እንጨቱ ውስጥ እንደ ቢላ ሰርጎ ይቀር ነበር እንጂ አይከፍተውም ነበር። እንጨቱ ብረቱን በሁለት ጎን ነክሶ ይይዘዋል፤ ለማላቀቅም ከመሰንጠቁ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ፋስ እንጨት የሚፈልጠው በአፉ ስለት ብቻ አለመሆኑን፣ ከአፉ ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄደው ትከሻው እንደሚገነጥለው ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። መሣሪያውን መልሼ ወስጄ ከስለቱ በታች በሁለቱም ጎን ተዳፋት ጉንጭ እንዲበየድለት አደረግኩ፤ ሥሩ ላይ ውፍረቱ ወደ 3 ሴንቲሜትር ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያለ ፍልጥ በሁለት ወይም በሦስት ምት ይከፈላል። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገዛ ወይም ሲያሠራ ስለቱን በጣቱ ከመፈተሽ ይልቅ የሽብልቁን ውፍረት በዓይኑ እንዲለካ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ችግር በታኅሣሥ ውርጭ ወቅት መጣ። አንድ ማለዳ እናቴ ጠርታኝ፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ድምፁ ተቀይሯል፤ እየው እስቲ» አለችኝ። ስመለከተው ስለቱ ከቀለበቱ ጋር ከተበየደበት ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሮጣለች። ምክንያቱን ከሌላ ልምድ ካለው በያጅ ተረዳሁ። ባሌስትራ ከተራ ፌሮ ይልቅ ብዙ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ፣ በብየዳ ከጋለ በኋላ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የብየዳው ዳር እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፤ የመጀመሪያው በያጅ ደግሞ ሥራውን ለማፋጠን ትኩሱን ብረት ውኃ ውስጥ ነክሮት ነበር። ሁለተኛው በያጅ የድሮውን ብየዳ ሞርዶ አነሣ፤ ብረቱን ጠብ ያደረጉበት ውኃ ተንጨርጭሮ እስኪጠፋ ድረስ አስቀድሞ አሞቀው፤ ለእንዲህ ያለ ጠንካራ ብረት በሚሆን ደረቅ ኤሌክትሮድ በየደው፤ ከዚያም እስከ ማግሥቱ ድረስ በደረቅ አመድ ውስጥ ቀበረው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስምንት ወር ሊሞላ ነው፤ በየወሩ መጀመሪያ ጠርዙን በኬሮሲን አጥቤ እፈትሻለሁ፣ አንዲትም ስንጥቅ አላየሁም። የእናቴን ጆሮ ግን አመሰግናለሁ፤ ስንጥቋ ባትሰማ ኖሮ ስለቱ በምት መሃል ተገንጥሎ ሊወድቅ ይችል ነበር።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም የመሣሪያው መልካምነት ግማሹ በእንጨቱ ላይ የተመሠረተ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ከደረቀ ግን ይጠነክራል፤ ጭረቱም (በእንጨቱ ውስጥ ያለው የቃጫ መስመር) እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ መዶሻውን ያነጥራል። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል፣ በደንብ እንዲነድ ግን ይህ ከአምስት እጅ አንዱ በታች መውረድ አለበት። በመሆኑም ከገበያ እንደመጣ እርጥቡን ሰንጥቄ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ መደርደርን ልማድ አደረግኩ፤ ቀጭን ፍልጥ ከግንድ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይደርቃል። በወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስላለ፣ በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ያልደረቀ እንጨት ለመጋቢት ጭስ ይሆናል። ከአናጢ ቤት የማገኘው የጽድ ቁራጭ ቀጥ ያለ ጭረት ስላለው በአንድ ምት ይከፈላል፣ ሽታውም ቤቱን ያውደዋል። ወይራ ደግሞ ከባድ ነው፤ ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ ካለው ለዚህ መሣሪያ መስጠት ጉልበትን ማባከን ስለሆነ ለፋሱ እተወዋለሁ።

የእንጨቱ ርዝመት ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ሲሆን ለምድጃውም ለመሰንጠቂያውም ይስማማል። ሁለቱ ጫፎቹ በመጋዝ ቀጥ ብለው ካልተቆረጡ ግን በስለቱ ላይ ዘንበል ብሎ ይቆማል፣ መዶሻውም ያንሸራትታል። እኔ በ2 ኪሎ መዶሻ፣ እናቴ በ1 ኪሎ ተኩል እንሠራለን። መዶሻው ስለቱን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ጠንካራ ብረት ከጠንካራ ብረት ሲጋጭ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ፍልጡ ወደ ታች ሲቃረብ መምታቱን እናቆምና የሚቀጥለውን ፍልጥ በላዩ አቁመን በእርሱ እንነዳዋለን። ነጭ የመከላከያ መነጽርም ከጉቶው አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ ያለ እርሱ ማንም አይሠራም።

የጉቶውን ከፍታ በተመለከተ ስሕተቴ የራሴን ቁመት መለካቴ ነበር። እናቴ ቆማ ስትሠራ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ ይነሣ ስለነበር ቶሎ ትደክም ነበር። ጉቶውን አሳጥሬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንድትሠራ ካደረግኩ ወዲህ የሳምንቱን ማያያዣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትጨርሳለች፤ እኔን ከሥራ እስክመለስ መጠበቋም ቀርቷል። በእኔ ፍርድ ለዚህ መሣሪያ የከፈልኩትን ገንዘብና ሁለት ጊዜ ብረታ ብረት ቤት የተመላለስኩበትን ጊዜ የሚመልሰው ይህ ነው።

ጉድለቶቹ አልጠፉም። ድምፁ ከፍተኛ ነው፤ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጠጋ ግቢ ያለው ሰው ከንጋት በፊት ሊሠራበት አይገባም። ከጉቶው ሥር አሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ማንጠፌ ጥቂት ቀንሶታል። በክረምት ደጅ ካደረ ይዝጋል፤ ያገለገለ የሞተር ዘይት እየቀባሁ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ስለቱን በአሥር ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ በሞረድ አስተካክያለሁ።

በሐምሌ ኩታበር ያለችው አክስቴ መጥታ ካየችው በኋላ ለእርሷም እንዳሠራላት አዝዛኛለች። ለእርሷ የማሠራው ቀለበቱ ከእኛው 18 ወደ 20 ሴንቲሜትር ይሰፋል፣ ሽብልቁ ከመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ ይሠራል፣ መቀመጫው ላሜራ 10 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀጠሮ የያዝኩትም ከሁለተኛው በያጅ ጋር ነው፤ ብረቱ የሚቀበርበትን አመድ ከቤት ይዤ እንደምመጣ ነግሬዋለሁ።